ጌሙም፣ ፎቶውም፣ ኢንተርኔቱም በአንድ ኮምፒውተር?

«ሰላም ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ጌም የምወድ፣ ኮምፒውተር መነካካት የሚያስደስተኝ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ከወላጆቼና ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር፣ 32 ጊጋ ራም እና ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር አለኝ፤ አብዛኛውን ቀን ግን ያለ ሥራ ነው የሚውለው። ስለዚህ ፕሮክስሞክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ቨርችዋል ማሽን የሚባሉ ብዙ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ ሲስተም) ጭኜበት፣ አንዱን ቨርችዋል ማሽን ለጌም፣ አንዱን ለቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ማስቀመጫ፣ አንዱን ደግሞ ራውተርና ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ አጥር) ላደርገው አስቤያለሁ። ሁለት አዲስ ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዝቻለሁ። ፎቶዎቹ አሁን ያሉት የአባቴ የድሮ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕም አለን፣ እሱን ልጥለው ነው። በብዛት የምጫወተው ከጓደኞቼ ጋር ቫሎራንት ነው። ሐሳቤ ያዋጣል ይላሉ?

ሁሉን በአንዱ ነኝ»

ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ያንን አሮጌ ዴስክቶፕ እንዳትጥለው። የመልሴ ግማሽ እሱ ላይ ነው ያለው።

ወደ ጥያቄህ ልግባ። ይቻላል ወይ ካልከኝ፣ ይቻላል። ብዙ ሰው አድርጎታል። እኔም አድርጌ ሁለት ዓመት ያህል ኖሬበታለሁ። ያዋጣል ወይ ካልከኝ ግን፣ በጻፍክልኝ ሁኔታ አያዋጣም። ጌምና ፎቶ ማስቀመጫ አንድ ማሽን ላይ ቢሆኑ እንደምንም ይቻቻላሉ። ፎቶ ማስቀመጫና ራውተርም ተስማምተው መኖር ይችላሉ። ጌምና ራውተር ግን አንድ ላይ መኖር የለባቸውም። በዚህ ላይ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ነገር እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገርህ። አዲስ የግራፊክስ ድራይቨር ጭኜ ጌም ከፈትኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ስታክ አደረገ፣ ድምፁም አንድ ቃና ላይ ቆሞ ጥዝዝ ማለት ጀመረ። የቆመው የጌሙ ቨርችዋል ማሽን ብቻ መስሎኝ፣ እሱን ለብቻው ላጠፋው ብዬ በስልኬ የፕሮክስሞክስን ገጽ ለመክፈት ሞከርኩ። እምቢ አለ። ግራፊክስ ካርዱ ሲደርቅ ሆስቱንም፣ ማለትም ቨርችዋል ማሽኖቹን ሁሉ የተሸከመውን ዋናውን ሲስተም፣ ይዞት ሄዷል። ወዲያው ከጎን ክፍል እህቴ «ኔት ጠፋ እንዴ?» አለች። ኦንላይን ፈተና ላይ ነበረች፣ አሥራ አንድ ጥያቄ ቀርቷታል። የፓወሩን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁና መልሼ አበራሁት። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ማዘርቦርዱ ራሙን እስኪፈትሽ፣ ሆስቱ እስኪነሳ፣ ዲስኮቹ አንድ በአንድ እየተንቋቁ እስኪዞሩ፣ የራውተሩ ቨርችዋል ማሽን ተነስቶ ከአገልግሎት ሰጪው መስመር ጋር እስኪገናኝ። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። እህቴ ላፕቶፑን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። በማግስቱ ራውተሩን ከዚያ ማሽን አወጣሁት፣ መልሼም አላስገባሁትም።

አየህ፣ ጉዳዩ የጉልበት አይደለም። የአንድ ቤት ኢንተርኔት ለማስተናገድ ሁለት ኮርና ጥቂት ጊጋ ራም ይበቃል፤ ያንተ ፕሮሰሰር ይሄን ሳይሰማው ይሠራዋል። ጉዳዩ የጠባይ ነው። ራውተር መቼም እንዳይጠፋ ትፈልጋለህ። ፎቶ ማስቀመጫ ረጋ ያለ፣ ማንም የማይነካካው ቦታ ይፈልጋል። ጌም ደግሞ ሁልጊዜ የሚነካካ ነገር ነው፤ ድራይቨር ይቀየራል፣ አፕዴት ይመጣል፣ ግራፊክስ ካርድ ይለወጣል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ አንዳንዴም ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባል የለ? አንተ በአንድ ማሽን ሦስት ዛፍ ልትወጣ ነው።

«ዊንዶውሱ ሪስታርት ቢያደርግ ሌሎቹ ቨርችዋል ማሽኖች አይነኩም» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ የፕሮክስሞክስ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ግን የሆስቱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አፕዴት ሲደረግስ? ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ስትቀይርስ? ራም ስትጨምር፣ አቧራ ስታጸዳ? ደግሞ አንዳንድ ግራፊክስ ካርዶች አሉ፣ በተለይ የተወሰኑ የቆዩ የኤኤምዲ ትውልዶች፣ ቨርችዋል ማሽኑ አንዴ ከጠፋ በኋላ ካርዱ በትክክል ሪሴት አይሆንም። መልሶ ለመጫወት ሆስቱን ሙሉ ሪስታርት ማድረግ የግድ ይሆናል። ያኔ አባትህ ቪዲዮ ጥሪ ላይ ቢሆን ጥሪው ተቋረጠ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርህ፤ ይሄን ብቻ ብጽፍልህም በቂ ነበር። ቫሎራንት በቨርችዋል ማሽን ውስጥ አይሠራም። ቫንጋርድ የሚባለው የማጭበርበር መከላከያው ከርነል ድረስ ገብቶ ነው የሚሠራው፣ ቨርችዋል ማሽን መሆኑን ካወቀም ጌሙን አያስከፍትም። በዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ ሴኪዩር ቡት እና ቲፒኤም 2.0 የሚባሉትን የኮምፒውተሩን የደህንነት ጥበቃዎች ይጠይቃል። መደበቂያ ዘዴ የሚጽፉ ሰዎች ታገኛለህ። እንዳትሞክረው። ዛሬ ቢያልፍ ነገ አካውንትህ ሊታገድ ይችላል፣ ስንት ወር የደከምክበት አካውንት በዚህ ምክንያት ቢሄድ ያሳዝናል። ስለዚህ አንተ ለምትጫወተው ጌም ዊንዶውስ በቀጥታ ሃርድዌሩ ላይ መቀመጥ አለበት። ይሄ ከሆነ ደግሞ የፕሮክስሞክሱ ዕቅድ ያንተ ዋና ማሽን ላይ መሠረቱ ፈረሰ።

ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ላይ ብቻ ላሉ አንባቢዎች ነገሩ ይለያል፣ ስለዚህ አሠራሩን ትንሽ ላብራራው። ግራፊክስ ካርዱን ለቨርችዋል ማሽን በቀጥታ ማስረከብ ፓስስሩ ይባላል። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ አይኦኤምኤምዩ (አንድን ዕቃ ለይቶ ለቨርችዋል ማሽን ማስረከብ የሚያስችል ክፍል) ሊኖራቸው ይገባል፤ በኢንቴል ቪቲ-ዲ፣ በኤኤምዲ ኤኤምዲ-ቪአይ በሚል ስም ባዮስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቀላሉ ክፍል እሱን ማብራት ነው። ከባዱ ግሩፑ ነው። ማዘርቦርዱ ዕቃዎቹን በግሩፕ በግሩፕ ይከፋፍላቸዋል፣ አንድ ግሩፕ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ተነጣጥሎ አይሰጥም። ግራፊክስ ካርዱ ከኔትወርክ ካርዱና ከሳታው (ዲስኮቹ ከሚሰኩበት) ጋር አንድ ግሩፕ ከገባ፣ ካርዱን ለዊንዶውስ ስትሰጡ ዲስኩና ኔትወርኩም አብረው ይሄዳሉ። ግሩፑን በግድ የሚለያይ ፓች (የከርነል ማስተካከያ) አለ፣ ግን ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ የሚጠብቀውን አጥር ያላላል። ፋየርዎል የምታስቀምጡበት ማሽን ላይ አጥር ማላላት አይገባኝም።

ሌላው ራም ነው። 32 ጊጋ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ግራፊክስ ካርድ የተሰጠው ቨርችዋል ማሽን የተመደበለትን ራም ከመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል፣ ለሌላው አያካፍልም። ለጌም 16 ስጥ፣ ለማስቀመጫው 8፣ ለራውተሩ 2፣ ለሆስቱ ቢያንስ 2፤ 28 ሆነ። ከዚያ ዜድኤፍኤስ (ዲስክ ላይ ፋይል የሚያደራጅ ሲስተም) መጣ። ዜድኤፍኤስ ነፃ ራም ሲያገኝ ለካሽ (ለጊዜያዊ ማከማቻ) ይወስዳል፤ በሊኑክስ ላይ ለብዙ ዓመታት ገደብ ካላበጀህለት እስከ ግማሹ ራም ድረስ መውሰድ ይችል ነበር። ሆስቱ ላይ ዜድኤፍኤስ አድርገህ ይሄን ካላስተካከልክ፣ አንድ ቀን ጌሙን ስታስነሳ ራም የለም ይልሃል።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኮምፒውተርህን ራውተር ብታደርገው እንኳ የዋይፋዩ ሳጥን ከቤት አይወጣም። የዴስክቶፕ የዋይፋይ ካርድ ሙሉ ቤት ለማዳረስ አልተሠራም፣ ስለዚህ ያው ሳጥን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ አሰራጭ) ሆኖ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩም ሁለት የኔትወርክ ወደብ ያስፈልገዋል፣ አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ቤት። ስለዚህ ዕቃ አልቀነስክም፣ ጨመርክ እንጂ።

መብራቱንም አስብ። የኔ የጌም ኮምፒውተር ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ሲበራ በዋት መለኪያ ስለካው 74 ዋት ነበር። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ሲባዛ 648 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ አንድም ጌም ሳትጫወት። አንድ ዲስክ ያለው አሮጌው ዴስክቶፔ 28 ዋት ነው የሚበላው፣ በዓመት 245። ሌሊቱን ሙሉ የፋን ድምፅ ካለበት ክፍል ውስጥ መተኛቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ መኝታ ቤትህ ውስጥ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ራስህ ታጠፋዋለህ፣ ስታጠፋው ደግሞ የቤቱ ኢንተርኔት አብሮ ይጠፋል።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ባንተ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልጻፍልህ።

የጌም ኮምፒውተሩን ለጌም ተወው። ዊንዶውስ ብቻ፣ ጌሞቹም እዚያው ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ላይ። ስትጨርስ አጥፋው። ጌሞቹን ማስቀመጫው ላይ አድርጌ በኔትወርክ ልጫወት እንዳትል። ባለ 1 ጊጋቢት መስመር ቢበዛ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው የሚያስተላልፈው፣ በተግባር 110 አካባቢ ታገኛለህ። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ 500 ያልፋል። ልዩነቱን ጌሙ ሎድ ሲያደርግ ታየዋለህ።

ራውተሩም አሁን ያለው ይቀጥል። የፋብሪካ ፓስወርዱን ቀይረው፣ ፈርምዌሩን አፕዴት አድርግ፣ በቃ።

ማስቀመጫውን አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ሥራው። 8 ጊጋ ራም አለው ብለሃል፤ ትሩናስ (ኮምፒውተርን የፋይል ማስቀመጫ የሚያደርግ ሲስተም) በትንሹ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፣ ትሩናስ የተጫነበትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይወስዳል፣ ፎቶ አያስቀምጥበትም። ስለዚህ የዴስክቶፑ የራሱ ዲስክ ለሲስተሙ ይሁን፣ ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለመኖሩን ግን አስቀድመህ እይ። ትሩናስ ከበደኝ ካልክ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጭነህ፣ ሳምባ በሚባለው ፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም አንድ ፎልደር ሼር ማድረግ ይበቃል፣ ለቤተሰብ ፎቶ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አሁን ሁለቱ ዲስኮች። እዚህ ጋ ብዙዎች አይስማሙኝም፣ ግን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ሁለቱን አንድ ላይ ሚረር (አንዱ የሌላው ቅጂ) አታድርጋቸው። ሚረር ጥሩ ነገር ነው፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ነገር ግን እናትህ በስህተት አንድ ፎልደር ብታጠፋ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚጠፋው። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ዲስክ ቢያበላሽ ሁለቱም እዚያው ናቸው። ሌባ ማሽኑን ይዞ ቢሄድ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ሚረር ያልተቋረጠ አገልግሎት ለሚፈልግ ነው፤ እናንተ ቤት ፎቶ ለማየት ሁለት ቀን መጠበቅ ማንንም አይጎዳም። ፎቶው ለዘለዓለም መጥፋቱ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ አንዱን ዲስክ ዴስክቶፑ ውስጥ አስገባው፣ ሌላውን ባክአፕ አድርገህ ከማሽኑ ነቅለህ ሌላ ቦታ አስቀምጠው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል። ሁለቱን ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከተከልካቸው ግን አንድ ላይ ነው የሚነቀሉት።

በአንድ ዲስክም ቢሆን ዜድኤፍኤስ ይጠቅምሃል። እያንዳንዱ የተጻፈ ነገር ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ያስቀምጣል፣ በወር አንዴ ስክረብ ስታስደርገው ሙሉውን አንብቦ የተበላሸ ካለ የትኛው ፋይል እንደሆነ በስሙ ይነግርሃል። አንድ ዲስክ ብቻ ስለሆነ ራሱ መጠገን አይችልም፤ አንተ ግን ያቺን ፋይል ከባክአፑ ታመጣለህ። ስናፕሾትም (የፋይሎቹን የዚያን ቅጽበት ሁኔታ መያዣ) አለው። በየቀኑ አንድ እንዲወስድ ካዘዝከው፣ የዛሬ ሳምንት የጠፋ ፎልደር በሁለት ደቂቃ ይመለሳል። አዲሶቹን ዲስኮች ስትሰካ 4 ቴራው 3.6 ሆኖ ቢታይህ እንዳትደነግጥ፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 እየቆጠረ፣ አምራቹ በ1,000 ስለሚቆጥር ነው። ዲስኮቹ ኤስኤምአር (መረጃን አደራርቦ የሚጽፍ ዓይነት) መሆን አለመሆናቸውንም ከሞዴል ቁጥራቸው አጣራ። ለባክአፕ ችግር የለውም፣ ወደፊት ዜድኤፍኤስ ሚረር ወይም ሬይድዜድ (ብዙ ዲስክ የሚያጣምር አሠራር) ስትሠራ ግን የሞተ ዲስክ ተክቶ መልሶ ለመሙላት በጣም ይንቀረፈፋል።

የዴስክቶፑን የኔትወርክ ወደብ ደግሞ እየው። አሮጌ ማሽን ስለሆነ 100 ሜጋቢት ሊሆን ይችላል። 500 ጊጋ ፎቶ በጊጋቢት መስመር አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይፈጃል። በ100 ሜጋቢት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ። ወደቡ ጊጋቢት ሆኖ ፍጥነቱ 11 ሜጋባይት ላይ ከተገተረ ኬብሉን ጠርጥር። ከስምንቱ ሽቦ አንዷ ብትቆረጥ ሁለቱ ጫፍ ተስማምተው ወደ 100 ሊወርዱ ይችላሉ፣ ምንም አይነግሩህም። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሶፍትዌር ውስጥ ስፈልግ ውዬ፣ ማታ ላይ የበሩ ጠርዝ የላጠውን ኬብል ነው ያገኘሁት።

ማስቀመጫውን ከውጭ ለማግኘት ብለህ ራውተሩ ላይ ወደብ (ከኢንተርኔት ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ መግቢያ) እንዳትከፍት። የሳምባን ወደብ ለኢንተርኔት መክፈት በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ከፈለግክ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መስመር) ተጠቀም፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስላለ ለመትከል ብዙ አያስቸግርም።

ከደብዳቤህ የገባኝ ሌላው ነገር፣ ይሄን ሁሉ ያሰብከው ዕቃ ለመቆጠብ ብቻ ሳይሆን ለመማርም ነው። ይሄ ፍላጎትህ እንዲቀር አልፈልግም። አሮጌው ዴስክቶፕ ራሙ 16 እንዲደርስ ማድረግ ከቻልክ ፕሮክስሞክስን እሱ ላይ ጫነው። ማስቀመጫውን በአንድ ኮንቴይነር (ከቨርችዋል ማሽን የቀለለ፣ የተለየ ክፍል)፣ ኦፒኤንሴንስ የሚባለውን የራውተርና ፋየርዎል ሲስተም በአንድ ቨርችዋል ማሽን ሥራ። ኦፒኤንሴንሱ ግን የቤቱ ራውተር አይሁን። ከኋላው ምናባዊ ኔትወርክ ፍጠርና ሌላ አንዲት ትንሽ ቨርችዋል ማሽን ብቻ በእሱ በኩል እንድትወጣ አድርግ። የፋየርዎል ሕግ ጻፍ፣ አበላሽ፣ መልስ። እህትህ ክፍሏ ውስጥ ምንም አይሰማትም። ወደፊት እጅህ ሲፍታታ፣ ሁለት ወደብ ያላት ራሷን የቻለች ትንሽ ማሽን ገዝተህ እውነተኛውን ራውተር ትተካለህ።

አንድ ማሽን ብቻ ላላችሁ አንባቢዎችም አንድ ሁለት ቃል። ዊንዶውሱ ይቆይ፣ ጌም ከሚቀመጥበት የተለየ ዲስክ ለፎቶ ጨምሩ፣ ፎልደሩን ሼር አድርጉ፣ ባክአፕ በኤክስተርናል ዲስክ ያዙ። ማሽኑ ሲጠፋ ፎቶው አይታይም፣ ቤተሰቡ ይሄን ይወቅ። ዌክ-ኦን-ላን ካበራችሁ ሌላ ሰው ከስልኩ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ራውተር ግን አታድርጉት።

አሁን ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ነገ ጀምር። ዛሬ ማታ አንድ ሥራ ብቻ አለህ። የአባትህን ላፕቶፕ ክፈት፣ ከአዲሶቹ ዲስኮች ባክአፕ የሚሆነውን ሰካና ፎቶዎቹን በሙሉ ገልብጥ። ሲያልቅ የፋይሉን ብዛት ከሁለቱም በኩል አስተያይ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ዓመት የተወሰኑትን ከአዲሱ ዲስክ ላይ ክፈታቸው። ላፕቶፑ ላይ ያለውን አታጥፋ። ዲስኩን ንቀል፣ እናትህ ጋ አስቀምጥ፣ ነገ አሮጌውን ዴስክቶፕ ከቁም ሣጥኑ አውጣና አቧራውን አራግፈህ ኔትወርክ ወደቡ ስንት እንደሚል ጻፍልኝ።